ሰኞ ወደማታውቂው ሕንፃ ከመሄድሽ በፊት

ልጄ፣

ደብተርሽ ውስጥ ታጥፎ የመጣው ማስታወቂያ ስድስት መስመር ነበር። ትምህርት ቤቱ ስለሚታደስ ተማሪዎች «በጊዜያዊነት» ወደ ሌላ ሕንፃ ይዛወራሉ ይላል። እስከ መቼ? አይልም። በምን ትሄዳላችሁ? አይልም። ክፍላችሁ አብሮ ይቆይ ወይስ ይበተን፣ እሱንም አይልም። ከዚያ ወዲህ ስንት ማታ የቤት ሥራሽን ብቻሽን እንደሠራሽ፣ ስንት ማታ ሳታዪኝ እንደተኛሽ አውቃለሁ። የት እንደነበርኩ ልንገርሽ።

መጀመሪያ እኛ ወላጆች የጠየቅነው የማይሆን ነገር ነበር። «ልጆቻችን ከግቢያቸው አይነሡም፤ እድሳቱ እነሱ እየተማሩ በየተራ ይካሄድ» ብለን ማመልከቻ ጻፍን። በየቤቱ እየዞርኩ ካስፈረሙት አንዷ እኔ ነኝ። ከግቢው ጥላ፣ ከለመድሽው ወንበር ማንም እንዲያነሣሽ አልፈለግኩም።

በሁለተኛው ስብሰባ ዕድሜያቸውን በግንባታ ሥራ ያሳለፉ አንድ አባት ተነሥተው ተናገሩ። አሮጌ ግድግዳ ሲፋቅ ቀለሙ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል አሉ፤ የምትጽፊበትን ሳይሆን መርዛማውን ብረት ማለታቸው ነው። አቧራው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፣ ከጠረጴዛ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይገባል። ቤት ገብቼ ሳነብ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ መጻፉን አየሁ። ሕፃናት ደግሞ ወደ ሆዳቸው ከገባው እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገቡት የአዋቂውን ከ4 እስከ 5 እጥፍ ሊሆን ይችላል። አስቤስቶስ የሚባል እንደ ክር የሚሰነጠቅ ማዕድንም አለ፤ በድሮ ጣሪያና ቧንቧ ውስጥ ይገኛል። ካልተነካ ብዙም ክፉ አይደለም፤ ሲሰበርና ሲቆረጥ ግን ዓይን የማያየው ቀጭን ክር ወደ ሳንባ ይገባል፣ በሽታው የሚታየውም ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ስለ ድምፅ ያነበብኩት ደግሞ ይበልጥ አስደነገጠኝ። ክፍል ውስጥ ትምህርት እየተሰጠ የሚሰማው የጀርባ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመረጣል፤ ያ ማለት ጸጥታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 አርሊን ብሮንዛፍት የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ኒውዮርክ ውስጥ ባቡር አጠገቡ የሚያልፍበትን አንድ ትምህርት ቤት አጥንተው ነበር። በሐዲዱ በኩል የሚማሩት ልጆች ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ በንባብ ከወዲያኛው ጎን ልጆች አንድ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። በኋላ ድምፁ ሲቀነስ ልዩነቱ ጠፋ። ስድስተኛ ክፍል፣ ልጄ። ያንቺ ክፍል።

ስለዚህ ሐሳቤን ቀየርኩ። ያስፈረምኳቸው ሰዎች ፊት ቆሜ «ልጆቹ መሄድ አለባቸው» ማለት ከበደኝ። አንዳንዶቹ አባብለዋት ነው አሉ፤ ሁለት እናቶች እስከ ዛሬ ሰላምታ ይነፍጉኛል። ቢሆንም መከራከር ያለብን በመዛወሩ ሳይሆን በአዛዋወሩ ላይ ነው ብዬ ጸናሁ።

ጊዜያዊ ሕንፃውን ልናይ የሄድን ቀን አንቺንም ይዤሽ ሄጄ ነበር፤ ቤት አብሮሽ የሚሆን ሰው ስላጣሁ እንጂ አስተያየትሽን ፈልጌ አልነበረም። እኛ ትልልቆቹ ክፍሉን በሜትር ስንለካ፣ የመጸዳጃ ቤት በር ስንቆጥር፣ የአደጋ ጊዜ መውጫው ተቆልፎ እንደሆነ ስንሞክር አንቺ ደረጃው ሥር ቆመሽ ቀረሽ። «እሷ በየት ትወጣለች?» አልሽኝ። በዊልቸር የምትሄደውን ጓደኛሽን ማለትሽ ነው። ክፍላችሁ የተመደበው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አሥራ አንድ አዋቂዎች ነበርን፤ አንዳችንም አላሰብነውም።

ማታ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አውጥቼ አንቀጽ 12ን አነበብኩ። ሕፃን እሱን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ይሰጠዋል ይላል። ስለ እናንተ ለሳምንታት ስንጮህ አንድ ተማሪ እንኳ ጠርተን አልጠየቅንም። በሚቀጥለው ስብሰባ ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ተማሪ ገብቶ እንዲናገር ያልኩት ለዚህ ነው። አንቺም እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ተናገርሽ። በሩ አጠገብ ቆሜ ሰምቼሻለሁ።

ያገኘነውን ልንገርሽ። ክፍላችሁ አይበተንም፤ ምድር ቤት ወርዷል፣ ለመግቢያውም ተዳፋት መወጣጫ ተሠርቶለታል። ሥራ ተቋራጩ ስለ አስቤስቶሱና ስለ ቀለሙ የተደረገውን የምርመራ ውጤት ከመመለሳችሁ በፊት ለወላጆች ያሳያል። የምትመለሱበት ቀን በደብዳቤ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት፣ ማኅተም አርፎበታል። በዚህ ነጥብ ለማንም አልተለሳለስንም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ።

ያላገኘነውም አለ። ሰርቪስ የተፈቀደው ለትንንሾቹ ብቻ ነው፤ ያንቺ መንገድ ከ15 ደቂቃ ወደ 40 ደቂቃ ረዝሟል። ቤተ መጻሕፍቱ በካርቶን ታሽጎ ይቆያል፤ ይህ እስካሁን ያናድደኛል፣ ገናም አልተውኩትም። ጠዋት ጠዋት አብሬሽ እስከ መሻገሪያው እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ከጓደኞችሽ ጋር ነሽ።

ሰኞ 12 ሰዓት ላይ እቀሰቅስሻለሁ። ክፍሉ ጨለማ ከሆነ፣ የመምህሯ ድምፅ ካልተሰማሽ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ ከሌለው ማታውኑ ንገሪኝ፤ «እማዬ ደክሟታል» ብለሽ እንዳትተዪው። ያ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ቅጂ ከልደት ምስክር ወረቀትሽ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቀኑ ሲደርስ አንቺው ታወጪዋለሽ።

እናትሽ