ዜሮ ማለት የጠፋ ነው ወይስ ያልተመረመረ?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢያችሁ ወባን ለማጥፋት የሒሳብ ሞዴል (በሽታው ወዴት እንደሚሄድ የሚገምት ስሌት) መጠቀምን ተቃውመው «ትንኝ በፎርሙላ አይሞትም፣ ገንዘቡን ለአጎበርና ለመድሃኒት አውሉት» ብለው የጻፉትን አራት ኪሎ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ አነበብኩትና ሳቄ መጣ፣ አባባላቸው ደስ ይላል። ግን እኔ ማትስ እያስጠናሁ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አጎበሩ የቱ ወረዳ ይሂድ፣ ርጭቱ በየትኛው ወር ይሁን፣ መድሃኒቱስ መቼ ይቁም የሚለው እኮ ያው ሒሳብ ነው፣ ካልተሰላ በግምት ይሰራል ማለት ነው።

እስቲ ካልኩሌተር አውጡ። የወባ ተህዋስ ትንኟ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ እስኪደርስ እንደ ሙቀቱ 10 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። አሁን 100 ትንኝ አለች እንበልና በየቀኑ ካሉት 90 በመቶው ይተርፋሉ፣ በ10ኛው ቀን 35 ያህል ይቀራሉ። ግድግዳው ተረጭቶ በየቀኑ የሚተርፉት 70 በመቶ ብቻ ቢሆኑስ? 3 እንኳን አይሞሉም! ሁሉንም መግደል አያስፈልግም፣ እድሜያቸውን ማሳጠር ይበቃል። ይሄን በ1950ዎቹ (ዓመቶቼ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አስልቶ ያሳየው የወባ ተመራማሪው ጆርጅ ማክዶናልድ ነው፣ እሱም የተነሳው ከሮናልድ ሮስ ነው፤ ሮስ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን አረጋግጦ በ1902 ኖቤል ከወሰደ በኋላ ቁጭ ብሎ ሒሳቡን መስራት የጀመረ ሰውዬ ነው። እንግዲህ ፎርሙላ ትንኝ አይገድልም ያሉት ጋሼ፣ የቱ ጋ እንደምትገደል ግን ይናገራል።

ዋናው ችግር የሚመጣው ደሞ በሽታው ሲቀንስ ነው። ስሪላንካ በ1963 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው የወባ ታማሚ 17 ሰው ብቻ ነበር፣ አለቀ ተብሎ ርጭቱ ቆመ፣ በ1968 እና 69 ከግማሽ ሚሊዮን ሰው በላይ ታመመ። ከወባ ነጻ ተብላ የተመሰከረላት በ2016 ነው። እኛም ጋ በ2019 በዓመት ከ1 ሚሊዮን በታች ወርዶ የነበረው በ2024 ከ7 ሚሊዮን አልፏል፣ ጦርነቱም አለበት፣ ተህዋሱ መድሃኒት መላመዱም አለበት፣ ሞዴል ደሞ ጦርነት እንዳለ ካልነገሩት አያውቅም።

ነገሩ የወባ ብቻ አይደለም። ጅማና ከፋ አካባቢ ያለ ሰው ሜክቲዛን (የኦንኮ፣ ማለትም ቆዳ የሚያሳክከውና ዓይን የሚያሳውረው በሽታ መድሃኒት) በየጊዜው ሲሰጠው «እስከ መቼ ነው የምንውጠው?» ቢል እውነቱን ነው፣ ማንም አስረድቶት አያውቅማ። ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈው የኦንኮ ትል አዋቂው ሰውነት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል፣ መድሃኒቱ የሚገድለው ጥቃቅን እጮቹን እንጂ እናትየውን አይደለም፣ ስለዚህ እናትየው በእድሜዋ እስክታልቅ ድረስ ነው የሚጠበቀው። ሞዴሎቹ በሽታው በጸናበት ቦታ በዓመት አንዴ መስጠት ላይበቃ እንደሚችል፣ ሁለቴ ሲሆን ዓመታቱ እንደሚያጥሩ አሳይተዋል፣ ግን ይሄ የሚሰራው ሰዉ በእርግጥ ሲውጥ ነው፣ ለሪፖርት ብቻ ከሆነማ የትም አይደርስም።

የሪፖርት ነገር ከተነሳ አይቀር፣ አንድ ጤና ጣቢያ የሚሰራ ዘመዴ ያጫወተኝን ልንገራችሁ። የወባ መመርመሪያ ኪት አልቆ ወሩን ሙሉ ማንም አልተመረመረም፣ ፎርሙ ላይ ግን «በወባ የታመመ» የሚለው ሳጥን ውስጥ 0 ተሞልቶ ተላከ፣ ለምን ቢባል ባዶ ከተተወ ከላይ ያሉት «አልሞላችሁም» ብለው ይቆጣሉ። በቃ፣ ያ ዜሮ ሞዴል ውስጥ ሲገባ እዛ ቀበሌ ወባ የለም ይላል፣ ወባ የሌለበት ቀበሌ ደሞ አጎበር ሲከፋፈል መጨረሻ ነው የሚታየው። እኔ ፎርሙላው አያሳስበኝም፣ እንደዚህ አይነት ዜሮ ነው የሚያሳስበኝ!

እኛ አዲስ አበቤዎች ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ ወባ የቆላ ነው ብለን ነው ያደግነው። ግን በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ቦታ ውሃ ውስጥ የምትራባ የከተማ ትንኝ ናት፣ ድሬዳዋን በ2022 በበጋ ያስጨነቀችው እሷ ናት። የድሮው ስሌት ዝናብና ገጠርን ቆጥሮ ነው የተሰራው፣ ሮቶ የሚቆጥር ካልተጨመረበት ዋጋ የለውም።

ከእናንተ የምፈልገው ቀላል ነው። «ወባ በዚህ ወር ቀነሰ» ብላችሁ ስታወጡ ስንት ሰው ተመርምሮ ነው የሚለውን ጎኑ ላይ ጻፉ፣ ጤና ሚኒስቴርንም የትኛው ወረዳ በየትኛው ዓመት ይጸዳል ብሎ እንደገመተ፣ ግምቱም ከስንት እስከ ስንት እንደሚዋዥቅ ጠይቁልን። ቦታ ከጠበባችሁ ከስፖርት ገጹ ቀንሱ፣ የአርሰናል ደጋፊዎች ይቅር ይበሉኝ።

አክባሪያችሁ፣ ከአራት ኪሎ