የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ፕለጊኑና ያረፈበት ቤት

ክበቡ ዘንድሮ አንድ ሥራ ይዞ ነው የከረመው፤ በዎርድፕረስ (ድረ ገጽ መሥሪያና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) ለተሠራ የትምህርት ቤት ድረ ገጽ የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ የሚያሳይ ፕለጊን፣ ማለትም ዎርድፕረስ ላይ የሚሰካ ተጨማሪ ፕሮግራም። የፈተና ቀን፣ የወላጆች ስብሰባ፣ በዓላት በየወራቸው ይወጡበታል። ከኮዱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደው የፍሬምወርክ (ገጽ ለመሥራት የተዘጋጀ የጃቫስክሪፕት ኮድ) ክርክሩ ነው፦ ሪአክት፣ ቪው፣ አንጉላር፣ ስቬልት ወይስ ተራ ጃቫስክሪፕት?

የራሱን ድረ ገጽ ከባዶ የሚሠራ ሰው የወደደውን ፍሬምወርክ ይመርጣል። ፕለጊን ግን ሰው ቤት የሚያድር እንግዳ ነው። ገጹን የሚከፍተው ዎርድፕረስ ነው፣ መልኩን የወሰነው ቴሙ (የገጹ የመልክ ጥቅል) ነው፣ አጠገቡም ሌሎች ፕለጊኖች አሉ። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ከማለት በፊት «ቤቱ ምን አለው?» ማለት ይቀድማል። ዎርድፕረስ ከ5.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከዲሴምበር 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ሪአክትን ይዞ ይመጣል። ፕለጊኑ ስክሪፕቱን ሲያስመዘግብ «ደብሊውፒ-ኤለመንት (ሪአክትን የሚያቀርበው የዎርድፕረስ ስክሪፕት) ያስፈልገኛል» ብሎ ካስጻፈ ሪአክቱ ከቤቱ ይቀርብለታል።

አንጉላር በመጀመሪያው ሳምንት ወደቀ። ሙሉ አፕሊኬሽን ለሚሠራ እንጂ ገጽ ላይ አንዲት ሰንጠረዥ ለሚያስቀምጥ አይደለም። ስቬልት ኮዱን አስቀድሞ ተርጉሞ ትንሽ ፋይል ስለሚያወጣ ለእንግዳ የሚመች ጠባይ አለው፤ ለክበቡ አባላት ግን ከቋንቋው ጋር አዲስ አጻጻፍ መልመድ ሆነባቸውና ተተወ።

ቪው ለጀማሪ ይቀላል፤ ይህን የሚክድ የለም። ችግሩ የመጣው ከሰንጠረዡ ነው። ቴምፕሌቱን (ቪው የሚሞላውን የገጽ ንድፍ) በቀጥታ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ሲጽፉት መጀመሪያ የሚያነበው ብሮውዘሩ ነው፤ ብሮውዘሩ ደግሞ በቴብል ውስጥ የማያውቀውን ታግ ሲያገኝ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ቪው ሲደርስ ረድፎቹ ቦታቸው ላይ የሉም። ቴምፕሌቱን ወደ ጃቫስክሪፕቱ ማዛወር ይህን ይፈታል። ሌላው ወጥመድ የድሮ ትምህርቶች ናቸው። የቪው 2 ድጋፍ በዲሴምበር 31 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ አጀማመሩ በቪው 3 ስለተለወጠ ከአሮጌ ቪዲዮ የተገለበጠ ኮድ ገና ሳይጀምር ይቆማል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሪአክት ባለበት ቤት ቪውን መጨመር ለጎብኚው ስልክ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ከክበቡ በሪአክት የሞከረውን ቡድን ያጋጠመውን ስህተት ደግሞ እያንዳንዱ ፕለጊን ጸሐፊ ቢያውቀው ደግ ነው። ቡድኑ የራሱን ሪአክት በፕለጊኑ ጠቅልሎ አስገባ፤ ከዚያ የዎርድፕረስን ዝግጁ ቁልፎችና ሳጥኖች ሲጠራ ገጹ ባዶ ሆነ። ኮንሶሉ (ብሮውዘሩ ስህተት የሚጽፍበት መስኮት) ሁክ፣ ማለትም የሪአክት ልዩ ፈንክሽን፣ ያለቦታው ተጠራ ይላል። ኮዱ ግን ንጹሕ ነበር። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሪአክት ካለ አንዱ የያዘውን ሌላው አያየውም። መፍትሔው ሪአክትን ከጥቅሉ ማስወጣት ነው። የዎርድፕረስ የራሱ መገንቢያ፣ ኮዱን ጠቅልሎ ለብሮውዘር የሚያዘጋጀው መሣሪያ፣ ይህን ያደርጋል፤ የሚያስፈልጉትን ስክሪፕቶች ዝርዝርና የቨርዥን ቁጥር የያዘ አነስተኛ የፒኤችፒ (ሰርቨሩ ላይ የሚሠራው የዎርድፕረስ ቋንቋ) ፋይልም ያወጣል። ዝርዝሩን ከዚያ ፋይል ማንበብ እንጂ በእጅ መጻፍ አይመከርም፤ አንዱ መረሳቱ አይቀርም።

መገንቢያው ኖድን (ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ይፈልጋል፤ ለመገንቢያው የሚወርዱት ጥቃቅን ፋይሎች በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። በሞባይል ዳታ ማውረዱ አንድ ጣጣ፣ በፍላሽ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር መገልበጡ ሌላ ጣጣ። አንድ ጊዜ አውርዶ፣ ዚፕ አድርጎ፣ አንዱን ፋይል መገልበጥ ይሻላል፤ ኮምፒውተሮቹ አንድ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ካላቸው ነው ታዲያ። እነዚህ ፋይሎች ያሉበት ማኅደር ግን ተጠናቆ በሚወጣው ፕለጊን ውስጥ መግባት የለበትም።

የቤቱን ዕቃ መዋስም ዋጋ አለው። ዎርድፕረስ 5.5 በኦገስት 2020 እ.ኤ.አ. የጄኩዌሪን (የቆየ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) አሮጌ አጻጻፍ የሚደግፈውን ማይግሬት የተባለ ስክሪፕት ሲያስወጣ ብዙ ፕለጊኖች ተሰናክለው ነበር። በዎርድፕረስ 6.2 ሪአክት 18 ሲገባም የማስጀመሪያው ትእዛዝ ተለውጧል፤ አሮጌው በሪአክት 18 በማስጠንቀቂያ ይሠራል። ቤቱ ሲታደስ እንግዳውም አብሮ መንቀሳቀስ አለበት።

በመጨረሻ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። መምህራን ዝግጅት የሚመዘግቡበት የውስጥ ገጽ በዎርድፕረሱ ሪአክት ተሠራ። የዎርድፕረስ ቀን መምረጫ የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ስለሚያውቅ ባለ 13 ወር መምረጫ መጻፍ ግድ ሆነ። ወላጆች የሚያዩት ገጽ ግን ፍሬምወርክ የለውም፤ ሰንጠረዡን ፒኤችፒ ሠርቶ ይልካል። ጃቫስክሪፕቱ ባይወርድ እንኳ ወሩ ይታያል። የቀረው ጥቂት መስመር ጃቫስክሪፕት «ዛሬ»ን ብቻ ያቀልማል፤ ይህን ለፒኤችፒ መተው አይቻልም፤ ገጹ በካሽ (ለፍጥነት በሚያዝ ቅጂ) ከተቀመጠ የትናንቱ «ዛሬ» ቀለሙን እንደያዘ ይቆያልና።

ሰንጠረዡ ራሱ ቀላል ስሌት ነው። ሳምንቱ ከሰኞ ከጀመረ፣ 30 ቀን ያለው ወር 6ኛ ረድፍ የሚፈልገው እሑድ ሲብት ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ 5 ይበቃል። ከጳጉሜን ወደ መስከረም ካልሆነ በቀር፣ ወር ከወር ሲሸጋገር የሚብትበት ዕለት በሁለት ይገፋል።

ጎንደር ላይ ጥር 11ን የሚስት መቁጠሪያ ማን ያምነዋል? ዋናው ፈተና የሆነውም እሱ ነው። ጥር 11 ቀን 2016 ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ላይ መውደቅ አለበት፤ ጥር 11 ቀን 2017 ደግሞ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ላይ። ሁልጊዜ 19 የሚል ስሌት የመጀመሪያውን ይወድቃል። ሌላው ስህተት እዚህ ሆኖ አይታይም፦ ጃቫስክሪፕት ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሰረዝ የተጻፈለትን ቀን በግሪንዊች ሰዓት ስለሚያነበው፣ ዋሽንግተን ያለ የቀድሞ ተማሪ ጥምቀትን ጥር 10 ላይ ያገኘዋል። ሦስቱን ቁጥሮች ለየብቻ መስጠት ያድናል። በፒኤችፒ በኩልም ያው ነው፤ የድረ ገጹ የሰዓት ቀጠና አዲስ አበባ ተብሎ ካልተሞላ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የሚያሳየው የትናንቱን ነው።

መልኩን በተመለከተ፣ ቴሙ ሁሉንም ቴብልና ቁልፍ ስለሚያቀልም በክላስ ስሞቹ (መልክ በሚሰጥባቸው የኮድ ስሞች) ሁሉ መነሻ ላይ የክበቡ አጭር ቅጥያ ተጨምሯል። ሻዶው ዶም፣ የገጹን አንድ ክፍል ከቀሪው የሚለይ የብሮውዘር ዘዴ፣ ተሞክሮ ነበር፤ የቴሙን ደንቦች ያግዳል፣ የፊደሉ ዓይነትና ቀለሙ ግን ከውጭ መውረሳቸው አይቀርም።

ለሚቀጥለው ዓመት አባላት የቀረ አንድ ነገር አለ። የጳጉሜን ሰንጠረዥ በ2015 ዓ.ም. ቀኖች ተሞክሮ 6ኛውን ቀን አሳይቷል፤ በዕለቱ «ዛሬ» ሆኖ የሚቀልመው ግን ጳጉሜን 6 ተመልሳ በምትመጣበት በ2019 ማብቂያ ነው። እስከዚያ የኮምፒውተሩን ቀን ወደፊት እየገፉ ይሞክሩት።