የመንፈሳዊ ጉዞ ማኅበራት ኬረላንም ያስቡ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአገራችን መንፈሳዊ ጉዞ የሚያዘጋጁ ማኅበራት ምዕመናንን ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ግብፅ ገዳማት ሲወስዱ ኖረዋል። ለሕክምና፣ ለንግድና ለትምህርት ወደ ሕንድ የሚመላለሰው ወገናችንም ቀላል አይደለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ ከዚህ ሁሉ መንገደኛ እጅግ ጥቂቱ ብቻ ከዴልሂና ከሙምባይ አልፎ ወደ ኬረላ እንደሚዘልቅ ስለማይ ነው። በሕንድ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ በምትገኘው በዚህች ግዛት፣ ከእኛ ጋር በአንድ እምነትና በአንድ ቁርባን የምትኖር፣ ማላንካራ ኦርቶዶክስ የምትባል እኅት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ቅዱሳት ስፍራዎቿም የሚገኙት ጎብኚው ከጀልባ ወርዶ በእግሩ ሊደርስባቸው በሚችል፣ ውብ በሆነ የውኃ አገር ውስጥ ነው።

የዓረብ ባሕር ሞገድ የገፋው አሸዋ በጠረፉ ላይ ረጅምና ቀጭን የብስ ሠርቷል፤ ከምዕራብ ጋትስ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞችም ባሕሩ ጋ ሳይደርሱ ከዚህ የብስ ጀርባ ይንጣለላሉ። ስለዚህ ሐይቆችና የወንዝ አፎች፣ የሰው እጅ በቆፈራቸው ቦዮች እየተያያዙ፣ ከኮላም ከተማ እስከ ኮቺና ከዚያም ወዲያ ይዘልቃሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ቬምባናድ ርዝመቱ 96 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሕንድ ከእርሱ የሚረዝም ሐይቅ የለም። በደቡቡ በኩል ኩታናድ የሚባለው የሩዝ አገር ይገኛል። የኩታናድ ገበሬ ውኃውን በጭቃ ግድብ ከልሎና በፓምፕ አውጥቶ፣ ከባሕር ወለል በታች የሆነውን መሬት ያርሳል፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም ይህን አስተራረስ እ.ኤ.አ. በ2013 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም የግብርና ቅርስነት ተቀብሎታል። በጀልባ የሚያልፍ ሰው የሩዝ ማሳውን የሚያየው ቁልቁል ነው። እኔ ይህን ስመለከት፣ የሰው ልጅ ድካም ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል አስቤ በእውነት ተገረምኩ።

አብዛኛው ጎብኚ ይህን አገር የሚያየው ከመኝታ ጀልባ ላይ ሆኖ ነው። ቀድሞ ሩዝ ይጭን የነበረው፣ ሳንቃው ያለ ሚስማር በኮኮናት ቃጫ ገመድ የተሰፋው ትልቅ ጀልባ፣ ዛሬ መኝታ ክፍልና ማዕድ ቤት ተሠርቶለት ይከራያል። ውበቱን አልክድም፤ ነገር ግን ዋጋው ከባድ ነው፤ ጉዞውም ሐይቁን ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል እንጂ ወደ ማንም ደጅ አያደርስም። ለእኛ ምዕመናን የምመክረው የግዛቱ መንግሥት የሚያሠራውን የሕዝብ ጀልባ ነው። ይህ ጀልባ ከአላፑዛ ከተማ ተነሥቶ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ኮታያም ከተማ ያደርሳል፤ ክፍያውም የከተማ አውቶቡስ ክፍያን ያህል ነው። ተማሪው፣ ነጋዴዋ፣ ከሐኪም ቤት የሚመለሰው ሽማግሌ ሁሉም ይሳፈሩበታል፤ በየመንደሩ ደረጃ ላይ እየቆመም ሰው ያወርዳል፣ ሰው ያነሣል። መኪና ወደ መንደሮቹ ሳይገባ በፊት ሙሽራም፣ አስከሬንም፣ ታቦት ተሸክመን እንደምንወጣው ሁሉ የመስቀል ዑደትም የሚሄደው በውኃ ነበርና፣ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከወንዝ ዳር ተሠርተዋል።

የኬረላ ክርስቲያኖች እምነታቸውን የሚቆጥሩት ከሐዋርያው ቶማስ ነው። በትውፊታቸው መሠረት ሐዋርያው እ.ኤ.አ. በ52 በኮዱንጋሉር አካባቢ ከመርከብ ወርዷል። ኮታያም ላይ፣ ከሚናቺል ወንዝ ብዙም ሳይርቁ፣ አንዱ ከሌላው በእግር የሚደረስባቸው ሁለት ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በ1550 በተመሠረተው በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በጥንቱ የፋርስ ቋንቋ በፓህላቪ የተጻፈባቸው የድንጋይ መስቀሎች ተተክለዋል። በ1579 የተሠራው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የመቅደሱ ግድግዳ ከዕፅዋት በተቀመመ ቀለም በተሣሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ያጌጠ ነው። የጣና ገዳማትን ሥዕሎች እያየ ያደገ ሰው እዚያ ግድግዳ ፊት ቆሞ ባዕድነት አይሰማውም። ጫማ ከደጅ ይወልቃል፣ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ይቆማሉ፣ መቅደሱ በመጋረጃ ይጋረዳል፣ ዕጣኑም ያው ዕጣን ነው። ከዚያው ሰፈር፣ በወንዙ ዳር፣ በእንጨት ቅርጹ የታወቀው የታዛታንጋዲ መስጊድም አለ፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም ሊያዩት የሚገባ ሥራ ነው።

ግንኙነታችን የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1956 ሕንድን ሲጎበኙ ኮታያም ድረስ ሄደዋል። በ1965 የኬልቄዶንን ጉባኤ የማይቀበሉ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ ሲሰበሰቡ፣ የሕንዷ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አባት (ካቶሊኮስ) ባስልዮስ አውጌን ቀዳማዊ አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ከዚያ በፊት በ1947 ፖል ቨርጊስ የተባሉ የኬረላ ወጣት በመምህርነት ወደ አገራችን መጥተው አማርኛ ለምደዋል፤ በኋላም ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ በረዳትነት ሠርተዋል። እኚህ ሰው ናቸው ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ ተብለው የዴልሂ ሜትሮፖሊታን (ሊቀ ጳጳስ) የሆኑት፣ ከዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ፕሬዚዳንቶችም አንዱ ለመሆን የበቁት። በ1996 ሲያርፉ የተቀበሩት፣ ቀድሞ በኃላፊነት በመሩት፣ በ1815 በተመሠረተው የኮታያም የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ነው። ወጣትነታቸውን ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የሰጡ አባት ናቸውና፣ ከመቃብራቸው አጠገብ ቆሞ ጸሎት ማድረስ የሚገባን ይመስለኛል።

መንፈሳዊ ጉዞ ከተዘጋጀ ዋናው መዳረሻ ፓሩማላ ሊሆን ይገባል። በፓምባ ወንዝ ዳር የሚገኘው ይህ ስፍራ የቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘፓሩማላ መቃብር ነው። ጎርጎርዮስ በ1848 ተወልደው፣ በ28 ዓመታቸው ጳጳስ ሆነው፣ በ1902 ያረፉ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያናቸው በ1947 ከቅዱሳን ቆጥራቸዋለች። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሳበኝ በ1895 ኢየሩሳሌምን ተሳልመው የጉዟቸውን ታሪክ በኬረላ ሕዝብ ቋንቋ በማላያላም ማሳተማቸው ነው፤ እኛ በየዓመቱ የምንመኘውን መንገድ እርሳቸውም ሄደውበታል። በዓላቸው በየዓመቱ ኖቬምበር 1 እና 2፣ ማለትም በእኛ ጥቅምት 22 ገደማ ሲከበር፣ ምዕመናን ከሩቅ አውራጃዎች በእግራቸው እየዘመሩ ይደርሳሉ። ወቅቱ በኬረላ ሁለተኛው ዝናብ የሚጥልበት ስለሆነ ጃንጥላ መያዝ ያስፈልጋል። ብዙ ሕዝብ የማይመቻቸው አረጋውያን ግን ከዲሴምበር እስከ ፌብሯሪ ባለው ደረቅ ወራት ቢሄዱ ይሻላቸዋል።

የሌላውን እምነት ቅዱስ ስፍራ በአክብሮት ማየትም የዚህ ጉዞ አካል ነው። በቬምባናድ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኘው ቫይኮም ሺቫ ለተባለው የሂንዱዎች አምላክ በተሠራ ታላቅ ቤተ መቅደስ የታወቀች ናት። በ1924 በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ባሉት መንገዶች እንዳይሄዱ የተከለከሉ፣ ዝቅተኛ ተብለው የተቆጠሩ ሰዎች መብታቸውን በሰላማዊ ተቃውሞ የጠየቁት እዚሁ ነው። በ1925 ጋንዲ ራሳቸው መጥተው ተነጋግረዋል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ከአራቱ መንገዶች ሦስቱ ተከፈቱ። የቤተ መቅደሱ ደጅ ለሁሉም ሂንዱ የተከፈተው ግን በ1936 አካባቢውን ይገዙ የነበሩት የትራቫንኮር ንጉሥ ባወጡት አዋጅ ነው። ሂንዱ ላልሆነ ሰው ወደ ውስጥ መግባት ዛሬም አይፈቀድምና፣ የእኛ ሰው ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ቢመለከት በቂ ነው። ከቫይኮም ወደብ ከ2017 ጀምሮ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የሕዝብ ጀልባ ሐይቁን ያሻግራል፤ ድምፁም ጭሱም የለም። በጣና ላይ እንዲህ ያለ ጀልባ ቢኖር ብዬ መመኘቴን አልሸሽግም።

ጣናን ካነሣሁ አይቀር፣ ኬረላም የእኛን ሕመም ታማለች። እምቦጭ የቬምባናድን ቦዮች በብዙ ቦታ ሸፍኗል። የባሕር ጨው ወደ ሩዝ እርሻው እንዳይገባ በታኒርሙኮም የተሠራው ግድብ በበጋ ሲዘጋ ውኃው ይቆማል፤ ጨው ሲገድለው የነበረው እምቦጭም ጨው በሌለበት በረጋው ውኃ ይስፋፋል። ገበሬው ግድቡ እንዲዘጋ፣ ዓሣ አጥማጁ እንዲከፈት ይፈልጋል። በዚህ ላይ የመኝታ ጀልባዎቹ ዘይትና ቆሻሻ ሲጨመር፣ በ2002 በራምሳር ስምምነት ለዓለም ጠቃሚ ረግረግ ተብሎ የተመዘገበው ሐይቅ ከባድ ሸክም ተሸክሟል። የሕዝቡን ጀልባ ያስቀደምኩትም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው፤ የተቀደሰ ስፍራ ለመሳለም የሄደ ሰው ውኃውን አቆሽሾ መመለስ የለበትም።

አዘጋጆቹ አንድ ነገር አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል። የኬረላ ምዕመናን በማላንካራ ኦርቶዶክስና ለአንጾኪያው የሶርያ ፓትርያርክ በሚታዘዙት በያዕቆባውያን ወገን ተከፍለው ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ይዞታ ለብዙ ዘመን ተካስሰዋል፤ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ከሰጠው ውሳኔ በኋላም ቁስሉ አልዳነም። እንግዳ ሆነን የምንሄድ ስለሆንን ወደ ክርክሩ ሳንገባ፣ በቅድሚያ በአባቶች በኩል ደብዳቤ ተጽፎ፣ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደምንስተናገድ ታውቆ ቢኬድ መልካም ነው።

ከእናንተም የምጠይቀው አለኝ። በዘመናቸው ከኬረላ በመጡ መምህራን ሒሳብና ሳይንስ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ዛሬም በሕይወት አሉ። የመምህራኑን አገር፣ ጸባይና ጸሎት የሚያስታውሱ አንባቢያን ትዝታቸውን የሚልኩበት አንድ አምድ ብትከፍቱ፣ ጉዞውን ለማዘጋጀት የሚያስብ ማኅበር ከየት መጀመር እንዳለበት ከእነርሱ ይማራል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ