የቅዳሜው የሙዚየም ጉብኝት፦ የምትመጡ እስከ ረቡዕ አሳውቁን

ሰላም ለሁላችሁ፣

የፊታችን ቅዳሜ ለንደን የሚገኘውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከነልጆቻችን እንጎበኛለን። የምትመጡ ስንት እንደምትሆኑ እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ ጻፉልን። መግቢያው ነጻ ነው፤ ሆኖም ሰዓት ያለው ትኬት በድረ ገጹ ቀድመን ብንይዝ ስለሚሻል ቁጥራችሁ ያስፈልገናል።

የምንገናኘው ሳውዝ ኬንሲንግተን ባቡር ጣቢያ፣ መውጫው ጋ፣ ከጠዋቱ 3:30 (ስልካችሁ ላይ 9:30 ሲል) ነው። በሩ 4 ሰዓት ይከፈታል። ከጣቢያው የምድር ውስጥ መተላለፊያ ስላለ ዝናብ ቢጥልም ብዙ አንቸገርም።

ሁሉንም በአንድ ቀን እናያለን ብላችሁ አታስቡ፤ እግር ይዝላል፣ ልጆችም መነጫነጭ ይጀምራሉ። ትልቁ አዳራሽ ግን አይታለፍም። ከ2017 ጀምሮ ከጣሪያው የተንጠለጠለው የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አጽም 25.2 ሜትር ይረዝማል፤ አፉን ከፍቶ ቁልቁል እየጠለቀ ይመስላል። ከሥሩ ቆማችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ደረጃውን ወጥታችሁ ከጎን እዩት።

ከዚያ በኋላ ዳይኖሰሮቹን እናስቀድም ወይስ የእሳተ ገሞራውንና የመሬት መንቀጥቀጡን ክፍል? ዳይኖሰሮቹ ጋ ሰው ሳይበዛ ብንደርስ ይሻላል እላለሁ፤ የተለየ ሐሳብ ያለው ይናገር።

ምሳ ቋጥሩ፣ ውሃ ያዙ፣ የሚመች ጫማ አድርጉ። ትልቅ ሻንጣ ግን ይቅርባችሁ፣ በር ላይ ፍተሻ አለ። ልጅ የምታመጡ ዕድሜያቸውንም ጨምራችሁ ጻፉ።