ሽንኩርቱ ሲያርር እሷ የት ነበረች?

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? ዓመት ከመንፈቅ ድምፄን ማጥፋቴ ምክንያት የለውም። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ስንት ተራርቀው ነው! የእህትሽን ነገር በቴሌግራም ስትጽፊልኝ ግን በሁለት መስመር መመለስ አልሆነልኝም።

ሽንኩርት እያቁላላች ፈዝዛ ቀረች፤ ጢሱ ቤቱን ሲሞላው እንኳ አላወቀችም፤ ኋላም «እጄ የኔ አልመስል አለኝ» አለች። ባለሙያዎች ዲሶሲዬሽን ይሉታል፤ እኔ መነጠል ብለው ይቀለኛል። አንዳንዴ ራስን ከውጭ ቆሞ እንደማየት ነው፤ አንዳንዴ ዙሪያው ሁሉ እንደ ሕልም ይደበዝዛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጊዜ ይጎድላል፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ መውረጃዋን ማለፏ እንደዚያ ነው።

እህትሽ እንደሠራችበት ያለ፣ ማምለጥም መታገልም በማይቻልበት ቤት ለዓመታት የኖረ ሰው አእምሮው የቀረችውን አንዲት መውጫ ይጠቀማል፤ ስሜቱን አደንዝዞ ይሸሻል። ያኔ አትርፏታል። ዛሬ ግን በር ሲንኳኳ ወይም ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሳትፈልግ ይወስዳታል። ጁዲት ኸርማን የተባለች አሜሪካዊት የአእምሮ ሐኪም በ1992 እ.ኤ.አ. ተደጋጋሚና ረጅም ግፍ የሚተወው ቁስል የራሱ ስም እንዲኖረው፣ ውስብስብ የድኅረ-አደጋ ጭንቀት (complex PTSD) እንዲባል ጽፋለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፦ ቅዠቱ፣ ሽሽቱና መባነኑ ሳያንስ ስሜትን መግዛት ያቅታል፣ ራስ ከንቱ ይመስላል፣ ሰው መቅረብ ይከብዳል። መነጠል ከመለኪያዎቹ አንዱ ባይሆንም አብሮ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ነው።

አሁን ወጥ ቤትሽ እንግባ። መጀመሪያ ምድጃውን አጥፊ። ከኋላዋ አትንኪያት፣ አትነቅንቂያት። ፊት ለፊቷ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለሽ፣ የበሩን መንገድ ሳትዘጊባት፣ በስሟ ጥሪያት። «እኔ ነኝ። ቤታችን ነን፣ ኮዬ ፈጬ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።» ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ፤ በዚያ ሰዓት ቃል ቶሎ አይደርሳትም። እግሯን ወለሉ ላይ ጫን ታድርግ፣ ሎሚ ትቅመስ፣ የምታያቸውን አምስት ነገሮች ትጥራልሽ። ዓይኗን አታስጨፍኚያት! «ጨፍነሽ በረጅሙ ተንፍሺ» የሚባለው ለተራ ጭንቀት ይሆናል፤ እሷን ግን መልሶ ሊወስዳት ይችላል። ሽታ ብርቱ ነው፣ ግን እሷው ትምረጥ፤ ላንቺ ሰላም የሆነው ዕጣን እሷን የሠራችበትን ቤት ሊያስታውሳት ይችላል። ስትመለስ ይደክማታል፤ ውሃ ስጫትና ጋቢ ደርቢላት። «ምን ትዝ ብሎሽ ነው?» ብለሽ ግን አትጠይቂያት።

ለሁለት ሳምንት ደብተር ያዢላት፦ ሰዓቱ፣ ቀድሞ የተሰማው ድምፅ ወይም ሽታ፣ ያደረችው እንቅልፍ፣ የበላችው፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ። ብዙ ጊዜ ዓይኗ አንድ ቦታ ተተክሎ ድምጿ ሲሳሳ ነው የሚጀምረው፤ ያኔ ከደረስሽ ገና ሳትርቅ ትይዣታለሽ። እስከዚያው የፈላ ዘይትና የከሰል ምድጃ ብቻዋን አትተዪላት።

ሐኪም ጋ መሄዱ አይቀርም፤ ኮተቤ ሆስፒታልም ሆነ አማኑኤል። የሚጥል በሽታም ፍዝዝ ሊያደርግ ስለሚችል መጀመሪያ እሱ ይጣራ፤ ሰውነቷ ከተንቀጠቀጠ፣ ምላሷን ከነከሰች ወይም ሽንቷ ካመለጣት ለሐኪሙ ንገሪ። ፈቅዳ ከሆነ በስልክሽ ቀርጸሽ ማሳየት ብዙ ይረዳል። ለመነጠሉ ብቻ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት የለም፤ የሚታዘዘው ለድብርቱና ለእንቅልፉ ነው። ጎረቤት የሚሰጣት ዲያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ ክኒን ግን አደራ! ፍዘቱን ሊያባብሰው ይችላል፣ ሱስም ያስይዛል። በንግግር ሕክምናው ቀድሞ የሚመጣው መረጋጋቱ ነው፤ የሆነባትን መተረኩ ኋላ ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን «ሁሉንም ተናገሪ» የሚል ባለሙያ ከገጠማችሁ «ቀስ» በሉት። መሞትን ካነሳች ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ቀን ውሰጃት።

ጎረቤትሽ ዛር ነው ማለቷን ጽፈሻል። ፀበል ከወደደች ትሂድ፣ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ። ተይዛ እየተጮኸባት ከሆነ ግን ያው የድሮው ቤት ነው የሚሆንባት፤ ይቅርባት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። ቀድመሽ ንገሪያት። በር አላንኳኳም፤ ብሎኩ ሥር ስደርስ እደውላለሁ።

ያንቺው