ጉዳዩ፦ የቅዳሜው የቴኳንዶ ክበብ

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ስብሰባ የቴኳንዶ ክበብ ልንጀምር ነው ስል አዳራሹ አጉረመረመ። አንድ አባት ብድግ ብለው «ዳይሬክተር፣ ልጄ ሳይሰለጥንም ታናሹን አላስቀምጥ ብሏል፤ ሰልጥኖ ሲመጣማ ማን ይችለዋል?» አሉ። ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አልነበረም። ያን ቀን በቅጡ ስላልመለስኩ ነው ይህን የምጽፈው።

እውነቱን ለመናገር እኔም እንደ እርሳቸው ነበርኩ። አምና ማስተሩ፣ ማለትም የቴኳንዶ አሰልጣኙ፣ ሐሳቡን ሲያመጡልኝ «እኛ እዚህ ድብድብ በማስቆም ነው የምንውለው» ብዬ ሸኘኋቸው። አልተከራከሩኝም። «አንድ ቅዳሜ መጥተው ይዩ» አሉኝ ብቻ። ሄድኩ። እዚሁ የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት።

አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ከጓደኛዋ ፊት ቆማለች። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ከዚያ ጮኻ እግሯን ወረወረች። ተረከዟ ከጓደኛዋ ሆድ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቀጥ አለ። ማስተሩ ግን አልረኩም፤ እግሯ ሲቆም ትንሽ ተንቀጥቅጧል። «እንደገና!» ሃና፣ ዱል፣ ሴት… በኮሪያኛ እየተቆጠረ ሃያ ጊዜ ያህል ደገመችው። መማታትማ ማንም ይማታል። የወረወሩትን እግር አየር ላይ መያዝ ነው ጉዱ። ሆድ፣ ወገብና ጭን ካልተባበሩ አይሆንም። ንዴትም ካለ አይሆንም።

የልጆቻችንን ውሎ ታውቁታላችሁ። ከክፍል ወደ ሰርቪስ፣ ከሰርቪስ ወደ አራተኛ ፎቅ፣ ከዚያ ስልክ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ይመክራል። ኳስ ይጫወቱ ትሉኝ ይሆናል። ሜዳው የታለ? ለቴኳንዶ እግር የሚያዘረጋ ቦታ ከተገኘ ይበቃል።

ፑምሴ የሚባል ነገርም አለ። ተከታታይ እንቅስቃሴ በቃል ይያዛል፤ ልክ እንደ ዳዊት፣ አንዱ ከተዘለለ ቀጣዩ ይጠፋል። የሒሳብ ውጤት ይጨምራል ብዬ ቃል አልገባም። ግን ሐሳቡን ሰብስቦ አሥር ደቂቃ መቆም የቻለ ልጅ ክፍል ውስጥም ያስታውቃል። ከሁሉ የገረመኝ ጩኸቱ ነው። ስሙን ሲጠሩት አንገቱን የሚደፋው ልጅ እንኳ እዚያ ግድግዳ የሚነቀንቅ ድምፅ ያወጣል። (በነገራችን ላይ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ሯጮች ብቻ አልነበሩንም፤ ሰለሞን ቱፋ በቴኳንዶ ተወዳድሮልናል።)

ሥልጠናው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ነው። የደንብ ልብስ አሁን አትግዙ፤ ቱታ ይበቃል። ጥፍር ይቆረጥ፣ የጆሮ ጌጥ ይውለቅ። ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን፤ ፍርፍር በልቶ የሚዘል ልጅ መጨረሻው አያምርም። አስም ወይም የልብ ችግር ያለበት ልጅ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩን። በመጀመሪያው ዓመት ግጥሚያ የለም፤ ምቱ ፓድ (የምት መቀበያ ትራስ) ላይ ብቻ ነው። ከክበቡ ውጭ በተማረው የተማታ ልጅ ለአንድ ወር ይታገዳል። ይህን ሕግ ያወጡት ማስተሩ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

የፈቃድ ቅጹን ፈርማችሁ እስከ ሐሙስ ላኩልን።

ያን ጥያቄ ያነሱት አባት፣ ልጅዎን ይዘው ይምጡ። ታናሹንም ጭምር። ወንበር ከፊት አስቀምጥልዎታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር