ራሱን የሚያፈርስ ነገር ላይ አትቁሚ

ውድ ልጄ፣

ወንድምሽ ነገረን። ክፍል መግባት ትተሻል አሉ። ለምን ሲሉሽም «እውነት የሚባል ነገር የለም» ትያለሽ አሉ። እናትሽ ሌሊቱን ስትገላበጥ ነው ያደረችው። እኔ መጻፍ መረጥኩ፤ በስልክ ከሆነ እንደምቆጣ ታውቂያለሽ።

ልጄ፣ ራሱን የሚያፈርስ ነገር ላይ አትቁሚ። እውነት ከሌለ፣ ይሄ ያልሽው ራሱ እውነት ነው? ከሆነ አንድ እውነት ተገኘ። ካልሆነም ተሳስተሻል። «ይህ ዐረፍተ ነገር ውሸት ነው» የሚለው ይሻላል። እውነት ነው ስትዪው ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ነው ስትዪው እውነት ይሆናል። እሱ የሚያርፍበት የለውም። ያንቺው ግን በቃ ውሸት ነው።

የፍሬገን ነገር ነግሬሽ አውቃለሁ፤ ድጋሚ ስሚኝ። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጎትሎብ ፍሬገ የቁጥርን ሒሳብ በሎጂክ ላይ ለማቆም ዕድሜውን ሰጠ። በ1902 እ.ኤ.አ.፣ የመጽሐፉ ሁለተኛ ቅጽ ማተሚያ ቤት እያለ፣ ከእንግሊዛዊው ፈላስፋ ከበርትራንድ ራስል ደብዳቤ ደረሰው። የራሳቸው አባል ያልሆኑ ስብስቦችን ሁሉ የያዘ ስብስብ፣ የራሱ አባል ነው ወይ? ነው ካልሽ አይደለም፤ አይደለም ካልሽ ነው። የፍሬገ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለውን ስብስብ ይፈቅድ ነበር። መሠረቱ ተናጋ። ሰውዬው ግን አልደበቀም። በቀናት ውስጥ መልስ ጻፈ። በ1903 መጽሐፉ ሲወጣ ችግሩን ራሱ መጨረሻው ላይ ጨምሮ አሳተመው። የሞከረው ጥገና በኋላ አልሠራም። ቢሆንም ይሄን ሰው ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል። ሥራው ሲፈርስ «እውነት የለም» ብሎ አልተኛም።

አብረን የፈታነውን የኤሌክትሪክ ደወል አስታውሺ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ማግኔቱ ትንሿን ብረት ይስባል። ብረቷ ስትሳብ መስመሩን ታቋርጣለች። ሲቋረጥ ማግኔቱ ይለቃታል፤ ስፕሪንጉ ይመልሳታል፤ መስመሩ እንደገና ይገናኛል። ከተገናኘ ይቋረጣል፤ ከተቋረጠ ይገናኛል። ወረቀት ላይ ቢሆን ተጋጭቶ ይቀር ነበር። እዚህ ግን በመሃል ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ይጮኻል። ጥርጣሬሽም ጊዜ ስጪው እንጂ አትቸኩዪበት።

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅና መሐንዲስ ክሎድ ሻነን፣ በኮምፒውተር ተመራማሪው በማርቪን ሚንስኪ ሐሳብ የሠራው ሣጥንም አለ። ማብሪያውን ስትነኪ ክዳኑ ይከፈታል፣ እጅ ይወጣል፣ ማብሪያውን ያጠፋና ተመልሶ ይገባል። ሌላ ሥራ የለውም። እኔ ሣጥኑን እወደዋለሁ። ልጄ ግን እንደሱ እንድትሆን አልፈልግም። አምና ቋንቋውን ጀመርሽ፣ ተውሽ። ዘንድሮ ደግሞ ትምህርቱን። ራሱን የሚያፈርስ ነገር ላይ አትቁሚ አልኩሽ!

አልተጣላሁሽም፣ የኔ እናት። መጠየቅሽን እወደዋለሁ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ጠያቂ ነሽ፤ ያንን ማንም እንዲወስድብሽ አልፈቅድም። ግን እስከ መጨረሻው ጠይቂ፤ የራስሽንም አባባል ጠይቂው።

ሰኞ ክፍል ግቢ። ያመለጠሽን ከጓደኞችሽ ደብተር ገልብጪ። የማታምኚበትን ሁሉ ከነምክንያቱ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አንድ በአንድ እናየዋለን። በጊዜ ተኚ። ያ የተሰበረው መነጽርሽ ይሠራ፤ ራስ ምታቱ ከሱ ሊሆን ይችላል። ለእናትሽ ደግሞ ዛሬውኑ ደውዪላት።

አባትሽ